በጣት የሚመራ ድምፅ፦ የንክኪ ሰሌዳ ያለው የድምፅ ኢፌክት መሣሪያ ቅኝትን ሳያዛባ እንዴት ያገለግላል?

በጅዳ ቀኑን ሙሉ በሥራ የዋለ ሰው ማታ ወደ ማረፊያው ሲመለስ የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ አንድ አልጋና ትንሽ ጠረጴዛ ነው። ክፍሉን የሚጋሩ ጓደኞች አሉ፤ አንዱ ለሌሊት ፈረቃ ቀደም ብሎ ይተኛል፣ ሌላው ከቤተሰቡ ጋር በስልክ ይነጋገራል። በእንዲህ ያለ ቦታ ረጅም ኪቦርድ ዘርግቶና ድምፅ ማጉያ ተክሎ ሙዚቃ መለማመድ አይቻልም። በመዳፍ ላይ ወይም በጠረጴዛ ጥግ የሚቀመጥና በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ግን ለዚህ ኑሮ ይስማማል። የንክኪ ሰሌዳ ያላቸው የድምፅ ኢፌክት መሣሪያዎች ከዚህ ወገን ናቸው።

ይሁንና መሣሪያው የተሠራው የኢትዮጵያን ቅኝቶች በማሰብ አይደለም። አሠራሩን ሳይረዳ የጀመረ ሰው የትዝታ ወይም የአንቺ ሆዬ ዜማውን ሳያስበው ወደ ሌላ ድምፅ ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ ከመግዛትም ሆነ ከመጠቀም በፊት መሣሪያው የትኛውን የድምፅ ባሕርይ እንደሚነካና የትኛውን እንደማይነካ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

መሣሪያው ምንድን ነው?

የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች በስፋት የታወቁት የጃፓኑ ኮርግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ካኦስ ፓድ የተባለውን ምርት ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የድምፅ ኢፌክት የሚስተካከለው በተሽከርካሪ ቁልፎች ነበር። አንድ ቁልፍ የሚለውጠው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ለመለወጥ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ካኦስ ፓድ በእነዚህ ቁልፎች ፋንታ አራት ማዕዘን ሰሌዳ አመጣ። ጣት ወደ ግራና ቀኝ ሲሄድ አንድ ነገር፣ ወደ ላይና ታች ሲሄድ ሌላ ነገር ይለወጣል። በአንድ ጣት ሁለት ነገር መምራት ተቻለ።

መሣሪያው ብዙም ሳይቆይ ወደ ታላላቅ መድረኮች ወጣ። የእንግሊዙ የሬዲዮሄድ ቡድን ጊታር ተጫዋች ጆኒ ግሪንውድ በመድረክ ላይ የድምፃዊውን ድምፅ በዚህ ሰሌዳ እየቆረጠና እየደጋገመ ሲያጫውት በብዙዎች ታይቷል። ታዋቂው የሙዚቃ ፕሮዲውሰር ብራያን ኢኖም ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነው። ኩባንያው በ2006 ኬፒ 3 የተባለውን ሞዴል አወጣ፤ በ2007 ደግሞ ካኦሲሌተር የተባለ ሌላ መሣሪያ አስከተለ።

ካኦስ ፓድና ካኦሲሌተር በመልክ ስለሚመሳሰሉ ገዢዎች ያምታቷቸዋል። በሥራ ግን የተለያዩ ናቸው። ካኦስ ፓድ የራሱ ዜማ ይዞ አይመጣም፤ ከማይክሮፎን፣ ከክራር፣ ከኪቦርድ ወይም ከስልክ የሚገባለትን ድምፅ ተቀብሎ ይቀይራል። ካኦሲሌተር ግን ራሱ ድምፅ የሚያመነጭ ሲንተሳይዘር ነው፤ ጣት ሲያርፍበት የራሱን ኖታ ያሰማል። ከታች እንደሚታየው፣ ለኢትዮጵያ ቅኝት ትልቁ ጉዳይ ያለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ሰሌዳው እንዴት ይነበባል?

ሰሌዳውን እንደ ካርታ ማየት ይጠቅማል። የተመረጠው ኢፌክት ማጣሪያ ወይም ፊልተር ቢሆን፣ ጣት ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ የድምፁ ቀጭን ክፍል እየተቆረጠ ድምፁ በግድግዳ በኩል እንደሚሰማ ያህል ይታፈናል፤ ወደ ቀኝ ሲመለስ ይከፈታል። ጣት ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ በመቁረጫው ድንበር ላይ ያለው ድምፅ እየሰላ ይሄዳል። ድምፅን ከመደበቅ ወደ መግለጥ ለማምጣት፣ ለምሳሌ ለዘፈን መግቢያ፣ ይህ ኢፌክት ይመረጣል።

ዲሌይ የሚባለው ኢፌክት የገደል ማሚቶን ይመስላል። የገባው ድምፅ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ተመልሶ ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜ የጣቱ አግድም አቀማመጥ የቆይታውን ርዝመት ሲወስን፣ ከፍታው የሚመለሰውን ድምፅ መጠን ይወስናል። ሪቨርብ የሚባለው ደግሞ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ የሚሰማውን የተቀላቀለ ነጸብራቅ ይፈጥራል። ሉፐር አጭር የድምፅ ቁራጭ ቀድቶ በዙር ይደጋግማል።

ከሰሌዳው ጎን ያሉ ሁለት መቆጣጠሪያዎች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው የኢፌክቱን ጥልቀት የሚወስነው ሲሆን፣ ከዜሮ ተነስቶ ቀስ በቀስ መጨመር አለበት። ሁለተኛው ሆልድ የተባለው ቁልፍ ነው። ጣት ከሰሌዳው ሲነሳ ኢፌክቱ ወዲያው ይቆማል፤ ሆልድ ከተጫነ ግን ጣቱ በመጨረሻ ያረፈበት ሁኔታ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ አንድ እጅ ክራር ሲይዝ ወይም ማይክሮፎን ሲጨብጥ ሌላው እጅ ሁልጊዜ ሰሌዳው ላይ መቆየት የለበትም።

ማገናኘትና ኃይል መስጠት

ቅደም ተከተሉ ቀላል ቢሆንም መዘለል የለበትም። በመጀመሪያ የሁሉም ዕቃ ድምፅ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ከዚያ የድምፁ ምንጭ ከመሣሪያው መግቢያ፣ የመሣሪያው መውጫ ከሚክሰር ወይም ከድምፅ ማጉያ ጋር ይገናኛል። ኃይል የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ደግሞ በመጨረሻ ይከፈታል። ሲዘጋ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ቀድሞ የሚዘጋው ድምፅ ማጉያው ነው። ይህ ልማድ ድምፅ ማጉያንም ጆሮንም ከድንገተኛ ፍንዳታ ያድናል።

ክራር በፒካፕ አማካይነት በቀጥታ ሲገናኝ ድምፁ ሊሳሳ ስለሚችል፣ በመካከል አነስተኛ ሚክሰር ማስገባት ይመረጣል። ሚክሰር ላለው ሰው የተሻለው መንገድ ድምፁን ሁሉ በኢፌክቱ ውስጥ ከማሳለፍ ይልቅ በሚክሰሩ ተጨማሪ መውጫ በኩል ከፊሉን ብቻ ወደ መሣሪያው ልኮ መመለስ ነው። በዚህ አኳኋን ዋናው ድምፅ ሳይነካ ይቀራል፤ ኢፌክቱ ከጎኑ ይጨመራል።

በሳዑዲ ዓረቢያ ለሚኖር ሰው የኃይል ጉዳይ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአገሪቱ በቆዩ ሕንፃዎች ውስጥ 127 ቮልትና 220 ቮልት ጎን ለጎን ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ አዲሱ ደረጃ 230 ቮልት ነው። በጃፓን ገበያ የተሸጠ ያገለገለ መሣሪያ አብሮት የሚመጣው አዳፕተር ለ100 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በአዳፕተሩ ላይ «100-240» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ሳያረጋግጡ መሰካት ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል። በባትሪ የሚሠሩት ትናንሽ ሞዴሎች ከዚህ ሥጋት ነፃ ናቸው።

ምቱን መቁጠር

አብዛኞቹ መሣሪያዎች ኢፌክቱን ከዘፈኑ ፍጥነት ጋር ያስማማሉ። ፍጥነቱ የሚለካው በደቂቃ ውስጥ ባሉት ምቶች ሲሆን፣ ታፕ የተባለውን ቁልፍ ከዘፈኑ ጋር እኩል መታ መታ በማድረግ ማስገባት ይቻላል። ስሌቱም አስቸጋሪ አይደለም፤ 60,000 ለምቱ ቁጥር ሲካፈል የአንድ ምት ርዝመት በሚሊሰከንድ ይገኛል። በደቂቃ 100 ምት ያለው ዘፈን የአንድ ምቱ ርዝመት 600 ሚሊሰከንድ ነው፤ 120 ምት ያለው ደግሞ 500 ሚሊሰከንድ ነው።

ለኢትዮጵያ ዘፈን እዚህ ላይ አንድ ማስታወሻ ያስፈልጋል። ጭክችካ በመባል የሚታወቀው ምት በስድስት ስምንተኛ የሚቆጠር ነው፤ እያንዳንዱ ዋና ምት በሦስት እኩል ክፍሎች ይከፈላል። መሣሪያው ግን ሲሠራ ምትን ለሁለትና ለአራት መክፈል ይቀናዋል። ዲሌይ በግማሽ ምት ላይ ከተቀመጠ የሚመለሰው ድምፅ ከከበሮው ጋር ይጋጫል፤ አድማጩም ምክንያቱን ሳያውቅ ዘፈኑ እንደተንገዳገደ ይሰማዋል። መፍትሔው እግር የሚመታውን ትልቁን ምት እንደ አንድ ቆጥሮ ማስገባትና የዲሌዩን ርዝመት የምቱ ሲሶ ወይም ሁለት ሦስተኛ ማድረግ ነው። በ120 ምት ሲሶው 167 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል።

ዋናው ጉዳይ፦ ቅኝት

ካኦሲሌተር 100 ያህል የድምፅ ዓይነቶችና 31 ስኬሎች ይዞ ወጥቷል። ተጠቃሚው ስኬል ሲመርጥ ሰሌዳው ከዚያ ስኬል ውጭ ያሉትን ኖታዎች ይዘጋል። ጀማሪ ሰው የትም ቢነካ የተሳሳተ ድምፅ የማይሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ያው ዘዴ፣ ያልተመረጠ ቅኝት ፈጽሞ እንዳይሰማ ያደርጋል።

ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሦስቱን በሌላ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚለው ሜጀር ትዝታ ሜጀር ፔንታቶኒክ ከሚባለው ስኬል ጋር አንድ ዓይነት ኖታዎች አሉት። ማይነር ባቲ፣ ማለትም ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት፣ ማይነር ፔንታቶኒክ ተብሎ ይገኛል። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ የሚለው ሜጀር ባቲ ደግሞ የኦኪናዋ ደሴቶች ስኬል ከሆነው ከሪዩኪዩ ጋር ይገጥማል። አምባሰል፣ ማለትም ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሚያኮቡሺ ከሚባለው የጃፓን ስኬል ጋር ይመሳሰላል። በዚሁ ስኬል ውስጥ ከፋ ተነስቶ የተጫወተ ሰው ማይነር ትዝታን ያገኛል፤ ኖታዎቹ አንድ ሆነው መነሻቸው ብቻ ይለያል። በኢትዮጵያና በጃፓን ሙዚቃ መካከል ያለው ይህ መመሳሰል በአድማጮች ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል።

አራተኛው ቅኝት ግን ሌላ ነው። አንቺ ሆዬ በዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ የሚገለጽ ሲሆን፣ ሁለት ቦታ ላይ እጅግ የተቀራረቡ ኖታዎች አሉት፤ ከተለመዱት የፔንታቶኒክ ስኬሎች በአንዱም በትክክል አይወከልም። ከዚህም በላይ ክራርና ማሲንቆ ተጫዋቾች ክራቸውን የሚቃኙት በጆሮ ነው። የአንድ ባለሙያ ክራር ድምፆች ከፒያኖው እኩል ክፍፍል በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ሊሉ ይችላሉ፤ የቅኝቱ ለዛም ከፊሉ በዚያ ውስጥ ነው። ቋሚ ስኬል ያለው መሣሪያ ይህን ለዛ ያስተካክልልኛል ብሎ ያጠፋዋል።

የሁለቱ መሣሪያዎች ልዩነት ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ኢፌክት ብቻ የሚሠራው መሣሪያ የሚገባለትን ድምፅ ቁመት አይወስንም። ፊልተር፣ ሪቨርብና ቋሚ ዲሌይ ክራሩ የተቃኘበትን፣ ድምፃዊውም የዘፈነበትን ቅኝት እንዳለ ይተዉታል። ስለዚህ አንቺ ሆዬን ወይም የራሱን የክራር ቅኝት መጠበቅ የሚፈልግ ሰው ድምፁን ከራሱ መሣሪያ አውጥቶ በኢፌክት ማስዋብ ይሻለዋል። ለሜጀር ትዝታ ወይም ለባቲ አጃቢ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ስኬሉን አስቀድሞ መርጦ በሲንተሳይዘሩ መጠቀም ይችላል።

በኢፌክት መሣሪያውም ላይ ቢሆን ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ፒች ሺፍተር፣ ቮኮደርና ሪንግ ሞዱሌተር የተባሉት ኢፌክቶች የድምፅን ቁመት ይለውጣሉ፤ ቅኝት ለመጠበቅ አይሆኑም። ሁለተኛው ሪቨርብን ይመለከታል። ረጅም ሪቨርብ ያለፈውን ኖታ ከሚመጣው ጋር ያደራርባል። ሜጀር ትዝታ በጣም የተቀራረቡ ኖታዎች ስለሌሉት ይህን ይችለዋል። በአንቺ ሆዬና በአምባሰል ግን ዶ እና ሬ ፍላት ተደርበው ሲሰሙ ድምፁ ይጎረብጣል። ለእነዚህ አጭር ሪቨርብ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ የሚመለስ ዲሌይ ይስማማል።

ከሸሞንሟናዬ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ

ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ ከአገሩ ርቆ፣ ብቻውን፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ቅኝቱን ይዞ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ሸሞንሟናዬ የተባለውን አልበም የቀዳው አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድ፣ ከሲንተሳይዘርና ከምት ማሽን ጋር አዋህዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በታክሲ ሹፌርነት ሠርቷል፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ጊዜም ልምምዱን አላቋረጠም። አልበሙ በ2013 ዳግም ታትሞ በዓለም አድማጮች ዘንድ ተቀባይነት አገኘ፤ እርሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። በአዲስ አበባም እንደገና ሙሉን ወይም ሚካኤል ሰይፉን የመሰሉ ወጣት አቀናባሪዎች ባህላዊ ድምፆችን ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር በማዋሃድ ይታወቃሉ።

በሳዑዲ ዓረቢያም ሙዚቃ በሕዝብ መድረክ ያለው ሥፍራ ባለፉት ዓመታት ሰፍቷል። በባህል ሚኒስቴር ሥር የሙዚቃ ኮሚሽን በ2020 ተቋቁሟል። በዓለም ቅርስነት በ2014 የተመዘገበችው ታሪካዊቷ ጅዳ፣ በአል በለድ ጎዳናዎቿ ባላድ ቢስት የተባለውን የሙዚቃ ፌስቲቫል በጥር 2024 አስተናግዳለች። የሒጃዝ ምድር የራሱ ጥንታዊ የዜማ ሀብት አለው፤ ከታላላቅ የሳዑዲ ድምፃውያን አንዱ የሆነው ጠላል መዳህ በ1940 የተወለደው በመካ ነው።

ኢትዮጵያዊውን ነዋሪ ይበልጥ የሚያስደስተው ግን ሲምሲሚያ ሊሆን ይችላል። በያንቡና በሌሎች የቀይ ባሕር ዳርቻዎች የሚመታው ይህ ባለ ክር መሣሪያ የክራር የቅርብ ዘመድ ነው። ሥራውና አጨዋወቱ በግብፅና በሳዑዲ ዓረቢያ ጋራ አቅራቢነት በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሠፍሯል። ሁለቱንም መሣሪያዎች በአንድ የኢፌክት ሰሌዳ በኩል ያዳመጠ ሰው ዝምድናቸውን ለመለየት አይቸገርም።

የቦታውን ክብርና የጎረቤትን ሰላም መጠበቅ

በመካ የሚኖር ሰው ድምፅ በጥንቃቄ ሲመራ ምን እንደሚመስል በየዕለቱ ይሰማል። በታላቁ መስጊድ ድምፁ በሺዎች በሚቆጠሩ ማጉያዎች ይሠራጫል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 34 ሜትር ርቆ የሚገኝ ማጉያ ድምፅ ወደ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይዘገያል። በሰፋፊ ቦታዎች ላይ የድምፅ መሐንዲሶች ዲሌይን የሚጠቀሙት ይህን መዘግየት ለማካካስና ቃሉ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ነው። ሙዚቀኛው ለማስዋብ የሚጠቀምበት ዘዴ በዚያ ለግልጽነት ይውላል።

የከተማዪቱ ክብር ከነዋሪው ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በመካ ልምምድ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ቢሆን ይመረጣል። በመላ አገሪቱ በ2019 የወጣው የሕዝባዊ ሥነ ምግባር ደንብም መታወቅ አለበት። በመኖሪያ ሠፈር ነዋሪዎች እስኪያማርሩ ድረስ ሙዚቃን በከፍተኛ ድምፅ ማሰማት ለመጀመሪያ ጊዜ 500 ሪያል፣ ሲደገም 1,000 ሪያል ያስቀጣል። በአዛንና በኢቃማ ሰዓት ሙዚቃ ማሰማት ደግሞ ቅጣቱ 1,000 ሪያል ሲሆን ሲደገም 2,000 ይሆናል። በሕዝብ ፊት ወይም በክፍያ መጫወት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ማግኘቱን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

የጆሮ ማዳመጫም የራሱ ልክ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው አዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል ድምፅን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይችላል፤ ድምፁ 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን ጊዜው በሳምንት ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። በንክኪ ሰሌዳ ላይ ፊልተሩ ሲሰላ ወይም ዲሌዩ ራሱን ሲደራርብ ድምፁ በድንገት ሊያድግ ስለሚችል፣ ከመካከለኛ መጠን በታች መጀመር ብልህነት ነው። ቀኑን ሙሉ በማሽን ጩኸት አጠገብ የሚሠራ ሰው ጆሮው ከልምምዱ በፊት ዕረፍት ያስፈልገዋል።

ከመግዛት በፊት

ገንዘብ ከማውጣት በፊት በስልክ መሞከር ይቻላል። ኮርግ ራሱ ካኦሲሌተሩን በ2011 ለአይፎን አዘጋጅቷል፤ ተመሳሳይ የንክኪ ሰሌዳ ያላቸው ሌሎች መተግበሪያዎችም አሉ። በስልክ ለጥቂት ሳምንታት የሞከረ ሰው የሚያስፈልገው ኢፌክት ይሁን ሲንተሳይዘር በቀላሉ ይለያል። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ደግሞ ጣቱን ከሰሌዳው አንድ ጥግ ወደ ሌላው ቀስ ብሎ በመጎተት ድምፁ ሳይዘል በእኩል መለወጡን፣ መግቢያና መውጫው ሳይንኮሻኮሽ መሥራቱን በቦታው ላይ ይፈትሽ።

ልምምዱም በአንድ ኢፌክት ቢጀመር ይበጃል። በመጀመሪያው ሳምንት ፊልተርን ብቻ፣ በሁለተኛው ዲሌይን ከምቱ ጋር፣ በሦስተኛው ሉፕን መሞከር በቂ ነው። በየልምምዱ መጨረሻ ኢፌክቱን አጥፍቶ ዜማውን ባዶውን መጫወትና ከተቀዳው ጋር ማነጻጸር ይገባል። ኢፌክቱ ሲጠፋ ቅኝቱ ያው ከሆነ መሣሪያው በተጫዋቹ እጅ ነው ማለት ነው። ዜማው ሌላ ከሆነ ግን ወደ ስኬሉ ምርጫ ተመልሶ እንደገና መጀመር ያስፈልጋል።